የሞት ጡሩምባ የሚነፋ ሕዝብ «ሞት ማስመዝገብ አይወድም» ተባለ

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር፣ ውይይቱ ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መንግሥት ዘንድ ስለማስመዝገብ ማለት ነው። አንድ ኃላፊ ቀርበዋል፣ ስማቸውን አልጠራም ምክንያቱም ጸቤ ከሳቸው ጋር ሳይሆን ካሉት ነገር ጋር ነው። አንዲት ሴትዮ ደውላ ጠየቀች፣ «እኔ የምኖርበት ወረዳ ሰው በምን በምን እየሞተ እንደሆነ ማወቅ ብፈልግ የት ሄጄ ነው የማገኘው?» አለች። ጥያቄው በቃ ይሄው ነው። ኃላፊው ሦስት ነገር መለሱላት። ዳታው ሲስተም ላይ አለ አሉ። ክፍተት ካለም የህብረተሰቡ ነው፣ ማህበረሰባችን ሞትን ማስመዝገብ አይወድም፣ ባህላችን ነው አሉ። ከዛ ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር ተራው ሰው እጅ ቢገባ በትክክል ስለማይረዳው ድንጋጤ ነው የሚፈጥረው ብለው ጨረሱ። ጋዜጠኛው አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ ገባ፣ ሴትዮዋም የት እንደምታገኘው ሳይነገራት ስልኩ ተዘጋ።

ከታክሲው ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ደሜ ሲፈላ ነበር፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

«ባህላችን ነው» ከምትለዋ ልጀምር፣ ከሦስቱ በጣም ያበገነችኝ እሷ ናት። የየትኛው ሀገር ባህል? እዚህ ሀገር እኮ ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ የእድር ጡሩምባ ነፊ ሰፈሩን እየዞረ፣ የሟቹን ስም ጠርቶ፣ ቤቱን ጠቁሞ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት የት ቤተክርስቲያን እንደሆነ ተናግሮ ነው ከእንቅልፍህ የሚያስነሳህ። ቀብር ላይ የእድሩ ሰው ደብተሩን ይዞ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ከዛ ሠልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፣ አንዷም ቀን አትዛነፍም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሟቻቸውን ብዙ ጊዜ በዛው ቀን ይቀብራሉ፣ እንደዛም ተጣድፎ አንድ የሰፈር ሰው ሳይሰማ አይቀርም፣ ሰደቃውም ይወጣል። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፣ ወንድሟ መቼ እንደሞተ ብትጠይቋት ግን «በ77ቱ ድርቅ ማግስት፣ የጥቅምት ሚካኤል ዋዜማ፣ ሆዱን ሦስት ቀን አጣድፎት» ትላችኋለች። ቀኑን ከነምክንያቱ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በጭንቅላቷ ይዛው። እንዲህ ያለን ሕዝብ ሞት መቁጠር አይወድም ማለት ስም ማጥፋት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሕዝቡ የማይወደው ለአንድ ወረቀት ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቶ መመላለስን ነው፣ ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ተመለስ መባልን ነው። እሱን ማንም አይወድም።

ደግሞስ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ የሚሄደው መቼ ነው? ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሲጠይቀው፣ ጡረታው ወደ ሚስት ሲዞር፣ ባንክ ያለው ብር ሲወጣ፣ የቤት ካርታ ስም ሲዛወር። እኛም ያው ነን፣ አባቴ ሞቶ የሄድነው ባንክ ስለጠየቀን ነው፣ ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ ይላል እኛ ግን ሁለት ወር አልፎን ነበር። እና ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ መዝገቡ ላይ ያለው የሟች ቁጥር አይደለም፣ ንብረት ትቶ የሞተ ሰው ቁጥር ነው። በስምንት ወሯ ተቅማጥ የገደላት ሕፃን የባንክ ደብተር የላትም። ገጠር ውስጥ ወልዳ ደም ፈሷት ያለፈች ሴት ስሟ ላይ የሚዛወር ቤት የላትም። ለቀን ሥራ መጥቶ ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቆ የሞተ ልጅ ሬሳው ወደ ሀገሩ ይላካል፣ እዚህም አይመዘገብ እዛም አይመዘገብ። መዝገብ ላይ የሌሉት እነዚህ ናቸው፣ ሞታቸው ሊቀር ይችል የነበረው ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ይሄን ቀዳዳ የሠራው አሠራሩ ነው እንጂ የእናቴ ባህል አይደለም።

ሕጉ ራሱስ ስንት ዓመት ተኛ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም ሲወጣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ግን በዛው ሕግ መጨረሻ አካባቢ አንቀጽ 3361 መጥቶ ይሄ ሁሉ በነጋሪት ጋዜጣ ትዕዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም ይላል። ትዕዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ። ማዘጋጃ ቤት ለፈለገው ሰው ሲሰጠው የነበረው ወረቀት እንዳለ ሆኖ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 ወጥቶ በሀገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። 56 ዓመት! መንግሥት 56 ዓመት ያስተኛውን ሥራ አሁን መጥቶ የባህል ችግር ነው ሲለን ዝም ብለን የምንሰማው ለምንድነው?

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ወሬ ብቻ አይደለም ለኔ። አባቴ ያረፈው ዓምና ነው። 22 ዓመት ስኳር ነበረበት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት እንወስደው ነበር፣ እግሩ ያብጣል፣ ውኃ በልክ ነው የሚጠጣው፣ ብርቱካን አይፈቀድለትም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ላይ አረፈ። ጠዋት የሰጡን ወረቀት ላይ የሞት ምክንያት የሚለው ቦታ «ካርዲዮ ረስፒራቶሪ አረስት» ተብሎ ተጽፏል። ልቡና ትንፋሹ ቆመ ማለት ነው። እስቲ ልቡና ትንፋሹ ሳይቆም የሞተ ሰው አሳዩኝ! ይሄ እኮ ሞተ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ መድገም ነው። ወረቀቱን ይዤ ወረዳ ስሄድ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ፎርሙን እየሞላች በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ፣ ስኳር ነበረበት፣ ኩላሊቱን ጎድቶት እጥበት ላይ ነበር አልኳት። የሆስፒታሉን ወረቀት ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ጽሑፉ አልተነበበላት መሰለኝ፣ «ህመም ብዬዋለሁ» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል፣ እኔም ባንኩን ነው የማስበው፣ ፈርሜ ወጣሁ። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ ማንም አላስተማራትም። 22 ዓመት ስኳር ግን ሁለት ጠረጴዛ አልፎ «ህመም» ሆነ።

ይሄ ደግሞ ተራ የጽሕፈት ስህተት አይደለም፣ ስታቲስቲክስ የሚሠራው እዛች መስመር ላይ ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ምስክር ቅጽ አሞላሉ ግልጽ ነው፣ ከላይ በቀጥታ የገደለውን ትጽፋለህ፣ ከሥሩ እሱን ያመጣውን፣ ከሥሩ ደግሞ ያንን ያመጣውን፣ እያልክ እስከ መነሻው ትወርዳለህ። የሚቆጠረው ላይኛው ሳይሆን ታችኛው፣ መነሻው ነው። የአባቴ ላይ ከላይ የኩላሊት መድከም፣ ከሥሩ ስኳር ተብሎ ቢጻፍ አንድ ሰው በስኳር ሞተ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ልብ ቆመ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ አረጀ የሚሉት እንደ ምክንያት እንዳይጻፉ መመሪያው ራሱ ይናገራል፣ ምክንያቱም ከነሱ ተነስተህ ምንም መከላከል አትችልም። «ልብ ቆመ» ለሚል ሪፖርት የትኛውን መድኃኒት ትገዛለህ? ስኳር ቢባል ኢንሱሊን ትገዛ ነበር፣ ጤና ጣቢያው ላይ የስኳር መለኪያ ታስቀምጥ ነበር፣ የእጥበት ማሽን በጀት ሲጠየቅ ይሄው ቁጥሩ ብለህ ታሳይ ነበር።

ለቅሶ ቤት ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ባደረበት ህመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ይባላል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቤተሰብ የሟቹን ገመና መሸፈኑ ነው፣ አከብረዋለሁ። የመንግሥት መዝገብ ግን የለቅሶ ንባብ አይደለም። እዛ ላይ «ባደረበት ህመም» መጻፍ አይቻልም።

«ሲስተም ላይ አለ» ወደሚለው ልሂድ። እኔ ያቺ ሴትዮ ያልተነገራትን ሄጄ አይቼዋለሁ። ከአባቴ በኋላ አንድ ነገር ገባብኝ፣ በወረዳችን በአንድ ዓመት ስንት ሰው በስኳር ሞተ የሚለውን ልወቅ ብዬ ተነሳሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሂድ አሉኝ። እዛ ከየት ነው የተላከው፣ ለምን ፈለግከው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነህ ወይ አሉኝ፣ አይ ነዋሪ ነኝ አልኩ፣ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ከማን ነው ደብዳቤ የማመጣው፣ የምኖረው እዚሁ ነው፣ የሞተው አባቴ ነው! ወደ ክፍለ ከተማ ላኩኝ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ወረዳ መለሰኝ። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አሳየኝ፣ «አስሩ ዋና ዋና የሞት ምክንያቶች» ትላለች፣ ፎቶ አንሳት አለኝ። አየኋት። አስሩም ሲደመሩ ጥቂት ደርዘን ሰው ናቸው፣ ከአስሩ ውጭ «ሌሎች» የሚል ረድፍ አለ፣ ከሁሉም ትልቁ ቁጥር እሱ ላይ ነው ያለው።

ሲስተሙ የሚባለው ምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ጀምሮ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የሪፖርት ሶፍትዌር አለ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በየወሩ ይሞሉታል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን እዛ ውስጥ የሚገባው ጤና ተቋም ውስጥ የሞተ ሰው ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚሞተው ደግሞ ቤቱ ነው፣ በሽታው ሲከፋ «ቤቱ ገብቶ ይረፍ» ብለን ከሆስፒታል አውጥተን የምንወስድ ሰዎች ነን። ሌላም አለ፣ ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ወረዳ ሪፈር ተጽፎለት ከሌላ ዞን የመጣው ሁሉ እዛ ይሞትና ወረዳው የሞት ጎተራ ይመስላል፣ ሰውዬው የተነሳበት ወረዳ ደግሞ ሰላም የሆነ ይመስላል። በየት ሞተ እና የት ይኖር ነበር ተለይቶ ካልተጻፈ የወረዳ ቁጥር ዋጋ የለውም። አካፍል ብትል እንኳን የምታካፍልበት የለህም፣ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፣ ከዛ ወዲህ ያለው የወረዳ ሕዝብ ብዛት ግምት ነው፣ ስንት አዲስ ሰፈር ተሠርቷል፣ ስንቱ ፈርሶ ተነስቷል። ከመቶ ሺህ ሰው ስንት ሞተ ለማለት መቶ ሺውን ማወቅ አለብህ።

እና ቤታችን ውስጥ ስላልቆጠርን ውጭ ያሉ ሰዎች ይገምቱልናል። በመኪና አደጋ ላይ ያለውን እዩ፣ እኔ ይሄን ሳነብ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። በፈረንጆቹ 2016 በትራፊክ አደጋ ሞተ ተብሎ ከኢትዮጵያ ሪፖርት የተደረገው 4,352 ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ሪፖርት ላይ ለዛው ዓመት ለኛው ሀገር የገመተው 27,326 ነው። ከስድስት እጥፍ በላይ! ከሃያ ሺህ በላይ ሰው ልዩነት ማለት ነው፣ አንድ ከተማ የሚሞላ ሰው። የቱ ነው ትክክሉ? ፖሊስ የመዘገበው አስፋልት ላይ ያየውን ነው፣ ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት የሞተው፣ ወይ ቤቱ ተመልሶ ያረፈው ሁሉ ወደ ፖሊስ መዝገብ ተመልሶ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሞት ምዝገባችን ስለማይበቃ በሂሳብ ሞዴል ነው ያወጣው። እንግዲህ ምርጫችን ወይ የጎደለ ቆጠራ ወይ የውጭ ሰው ግምት ነው፣ እነዚያ ሃያ ሺህ ሰዎች ደግሞ ካሉ እናት አላቸው፣ ለቅሶ ተቀምጦላቸዋል፣ እድር ከፍሎላቸዋል። የእድር ደብተር ላይ አሉ።

የእናቶች ሞትም እንደዛው ነው። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች 412 እናቶች ይሞታሉ የሚለው ቁጥር የፈረንጆቹ 2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። እንዴት ተገኘ? ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ሞት በመጠየቅ። ከጥናቱ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት በአንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚናገረው፣ ራሱ ጥናቱም እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 የትም ሊሆን ይችላል ይላል። ለሀገር እንጂ ለወረዳ ለዞን አይወጣም። ግን ስብሰባ ላይ 412 ተብሎ ብቻ ይነገራል፣ ግራ ቀኙ አይነገርም። ከዛ ደግሞ ተመድ ለፈረንጆቹ 2017 «401» ያለበትን ሪፖርትና ለ2020 «267» ያለበትን ሌላ ሪፖርት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው በሦስት ዓመት እንዲህ ወረደ ብለው የሚያጨበጭቡ አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት በወጣ ቁጥር ያለፉትን ዓመታትም እንደ አዲስ ነው የሚያሰላው፣ የአንዱን እትም ከሌላው እትም ጋር ማነጻጸር አይቻልም። የእናቶች ሞት ቀንሷል፣ አውቃለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን በየትኛው ወረዳ ቀነሰ በየትኛው አልቀነሰም ብላችሁ ጠይቁ፣ እሱን ቁጥር የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ዋናውን ልናገር። ይሄ ነገር አይቻልም የሚሉ ሰዎች እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ እንደነበር ወይ አያውቁም ወይ ረስተውታል። በ1993 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የከተማዋን መቃብሮች መመዝገብ ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ሆስፒታል ሳይገባ የሚሞት አለ፣ ወረዳ ሳይሄድ የሚሞት አለ፣ ሳይቀበር የሚቀር ግን የለም። ስለዚህ በየቤተክርስቲያኑ፣ በየሙስሊም መቃብሩ፣ በየማዘጋጃው መካነ መቃብር ሰው ተመደበ፣ ሬሳ ይዞ የመጣውን ቤተሰብ ወይ ጎረቤት የሟቹን ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻና በምን እንደሞተ ጠይቆ ይጽፋል። ሰው ታዲያ ኤድስ ብሎ አይናገርም ነበር፣ ያኔ እኮ ኤድስ ማለት ውርደት ነው። ሳንባ ይላል፣ ነርቭ ይላል፣ አልማዝ ባለጭራ ይላል፣ ትንሽ አሟት ነበር ይላል። አጥኚዎቹ ያንን የሰፈር አነጋገር ይዘው ከሌላ ማስረጃ ጋር አመሳከሩትና ሰው ሲሸፍነው የሚጠቀምበት ቃል ራሱ ኤድስን ለመከታተል ይጠቅማል የሚል ነገር አገኙ። ከተወሰኑት ሟቾች ቤት ደግሞ ቆይተው ሄደው ቤተሰቡን ስንት ጊዜ ሳለ፣ ከሳ ወይ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ እግሩ አብጦ ነበር ወይ እያሉ ይጠይቃሉ፣ መልሱን ሐኪሞች አይተው በምን እንደሞተ ይወስናሉ። ቨርባል ኦቶፕሲ የሚሉት እሱ ነው። ሬሳ መቅደድ የለም፣ ላብራቶሪ የለም፣ እናቴ ስለ ወንድሟ የምትናገረውን በሥርዓት መጠየቅና መጻፍ ነው።

በዛ ሥራ ምን ተገኘ መሰላችሁ? በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በጉልምስና ዕድሜ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩን የሚገድለው ኤድስ እንደሆነ ታወቀ። በ1997 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኤድስ ሞት በግማሽ ገደማ ሲወርድ በመቃብር መዝገብ ታየ። መድኃኒቱ መሥራቱን ለዚች ከተማ የመሰከረው የቀብር ደብተር ነው! ከዛም በ1998ና በ2001 መካከል የሞቱትን ሲያዩ ከጎልማሶቹ ግማሽ ያህሉ በልብ፣ በስትሮክ፣ በካንሰር፣ በስኳር መሰል በማይተላለፉ በሽታዎች እንደሚሞቱ ወጣ። ያኔ ተሰምቶ ቢሆን አባቴ ከኩላሊቱ ጋር ስንት ዓመት ይኖር ነበር? አላውቅም፣ ግን እጠይቃለሁ። ገጠርም ቢሆን ቡታጅራ ላይ ከሰባዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ለቤት ሞት ተመዝግቧል፣ ዳባት፣ ግልገል ጊቤ፣ ቀርሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ክልተ አውላዕሎ ላይም ዩኒቨርሲቲዎች ሠርተውታል። ገበሬው ሞቴን አልነግርህም ብሎ በር አልዘጋባቸውም፣ ተቀብሎ ቡና አፍልቶ ነው የነገራቸው።

እና እድር አለን። እድሜ ለአያቶቻችን፣ የትኛው ሀገር ነው በየሰፈሩ ጸሐፊ ያለው፣ ዳኛ ያለው፣ ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ደብተር ያለው፣ ሞት በሆነ በሰዓታት ውስጥ የሚያውቅ ድርጅት ያለው? የኛ ሰፈር እድር ጸሐፊ ጋሼ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ደብተራቸውን አሳይተውኛል፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ትልቅ ጥቁር ደብተር፣ የሟች ስም፣ ቀን፣ ከአባሉ ጋር ያለው ዝምድና፣ የተቀበረበት ቦታ፣ የተከፈለ ብር፣ በቀይ እስክሪብቶ ፊርማ። «ምክንያቱን አይጽፉም ወይ ጋሼ?» አልኳቸው። «የሚጠይቀን የለም እንጂ እናውቀዋለን እኮ ልጄ» አሉኝና ጣታቸውን እያወረዱ ነገሩኝ፣ ይቺ ግማሽ ጎኗን መቷት፣ ይሄ ግፊት ነበረበት መድኃኒቱን አቋርጦ፣ ይሄ ሞተር ገጭቶት፣ እሷ የጡት ካንሰር፣ ይሄ ጉበት፣ አባትህ ስኳር። አንድ ገጽ ሳይጨርሱ ከወረዳው ግድግዳ ላይ ካየሁት ወረቀት የበለጠ ነገር አወቅሁ። አንድ አምድ ጨምሩበት፣ ዕድሜና የታመመበት ሁኔታ የሚል፣ ለጸሐፊዎቹ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ስጡ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ በወር አንዴ ሄዳ ትገልብጠው፣ እሷ የቤተሰብ ማህደር ይዛ ቤት ለቤት የምትዞር ሰው ናት። ይሄን ለማድረግ የስንት ሀገር ዕርዳታ ነው የሚያስፈልገው? ለአንድ ወርክሾፕ አዳራሽና አበል የሚወጣው ብር ለስንት እድር ደብተር ይገዛል?

እድር ሐኪም አይደለም ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ አይደለም። ብዙ እድሮች ገና የተወለደ ሕፃን ሲሞት ስለማይከፍሉ ደብተር ላይ አይገባም፣ እሱን አምናለሁ፣ እሱ ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት የምትሞላው። ምስጢር የሚለውም የሰው ስም ይውጣ አላልኩም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ምክንያት፣ ወረዳ ብቻ። ከዚህ በላይ የምሰጠው ነገር የለኝም።

ተራው ሰው አይረዳውም፣ ይደነግጣል ለሚሉት። ተራው ሰው ማነው? በ2012 ክረምት በኮሮና ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከአስከሬን ናሙና እየተወሰደ፣ ዛሬ ይሄን ያህል ሰው ሞተ፣ ይሄን ያህሉ ከአስከሬን ምርመራ ነው እየተባለ በየቀኑ ሲነገረን የነበርነው እኛው ነን። በየማታው ቁጥሩን ጠብቀን፣ ከትናንቱ ጋር አነጻጽረን ማስክ አጠለቅን። ያኔ ገብቶናል። ኤድስም ሲነገረን ገብቶናል፣ ሰው ልጁን መክሯል፣ ተመርምሯል። እቁብ በ30 ሰው የሚያዞር፣ ወለድ የሚያሰላ፣ የዘንድሮን ጤፍ ዋጋ ከአምናው በመቶኛ የሚነግርህ ሕዝብ «ከመቶ ሺህ ሰው ይሄን ያህሉ» ሲባል ይጠፋበታል? ያስደነገጠን ቁጥር አይደለም፣ የሚያስደነግጠን በ45 ዓመቱ ጎረቤታችን ድንገት ወድቆ መሞቱ፣ ከዛ ሌላው፣ ከዛ ሌላው፣ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረን ማጣታችን ነው። ያኔ ነው ሰው መተት ነው የሚለው፣ ዘይቱ ነው የሚለው፣ ቴሌግራም ላይ የማንም ወሬ የሚያምነው። ድንጋጤ የሚፈጥረው የተደበቀው ነው።

ለመሆኑ ይሄ የኃላፊው ችሮታ ነው እንዴ? አዋጅ 590/2000 የመረጃ ነፃነት ድንጋጌው ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ከለከለም ምክንያቱን መናገር አለበት፣ ካልሆነ እንባ ጠባቂ አለ። ደብዳቤ ከየት አመጣህ የሚል አንቀጽ የለውም። ተማሪ ነህ ወይ የሚልም የለውም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጥያቄዬን በጽሑፍ ወረዳው መዝገብ ቤት አስገባለሁ፣ ቁጥርና ማኅተም አስመትቼ ኮፒዬን እይዛለሁ። የምጠይቀው ይሄን ነው፣ ካለፈው ዓመት ሐምሌ 1 እስከ ዘንድሮ ሰኔ 30 በወረዳችን የተመዘገበ ሞት ስንት ነው፣ በዕድሜ፣ በፆታ፣ በምክንያት፣ ስንቱ ጤና ተቋም ውስጥ ስንቱ ቤቱ ሞተ፣ «ህመም» ተብሎ የተጻፈው ስንት ነው። ሬዲዮ ላይ የደወልሽው እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ አንቺም በወረዳሽ እንደዚሁ አድርገሽ ጻፊ። ለወረዳዬ ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት አያይዣለሁ፣ የእርማት ማመልከቻ ነው፣ ከአባቴ የእጥበት ካርድ ኮፒ ጋር። ህመም የሚለውን ሰርዛችሁ ስኳር ብላችሁ ጻፉልኝ፣ አባቴን እዛ ላይ ቁጠሩልኝ።